ደሴዎች፣ ቀረጻው ማን እጅ ነው?

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አብሽሩ፣ ወድጃችሁ ነው።

የጸጥታ ካሜራ ወሬ በተነሳ ቁጥር መልሳችሁ አንድ ነው። «ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?» ፒያሳ ቡና ላይም ይኸው፣ ባጃጅ ውስጥም ይኸው።

ካሜራ አይጠቅምም አልልም። ስልኩን በጠራራ ፀሐይ የተነጠቀ፣ ልጁን ገጭቶ ያመለጠ መኪና የሚፈልግ ሰው ካሜራ በነበረ ቢል አይፈረድበትም። እኔን የሚያናድደኝ ቀረጻው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከፍቶ እንደሚያየው ሳትጠይቁ ማጨብጨባችሁ ነው።

እናንተ እኮ ከማንም በላይ መጠየቅ ነበረባችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከተሞቻችን በጦርነቱ ከእጅ ወጡ። እስከ ኅዳር መጨረሻም አልተመለሱም። ያን ጊዜ በየመንገዱ ፊት የሚለይ ካሜራ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ የዓመታት ቀረጻ ቢኖር ኖሮስ? ማን የትኛው ሰልፍ ላይ እንደወጣ፣ የማን ልጅ እንደዘመተ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል ተለቅሞ የተቀመጠውን ማን ይወርሰው ነበር? ዛሬ የምታምኑት ሹም ነገ ይነሳል። ያጠራቀመው ግን ለተተኪው ይቀራል፤ ተተኪው ማን እንደሆነ ደግሞ ማንም አያማክራችሁም።

ተረት አይደለም። በነሐሴ 2013 ታሊባን ካቡል ሲገባ፣ የአሜሪካ ጦር የአፍጋኒስታንን ሰው አሻራና የዓይን ብሌን ሲመዘግብባቸው ከነበሩት መሣሪያዎች የተወሰኑት በታሊባን እጅ ወደቁ። ለጸጥታ ተብሎ የተሰበሰበ ነበር። ከውጭ ጦር ጋር የሠሩ ሰዎች በገዛ ዓይናቸው እንዳይያዙ ሲሰጉ ከረሙ።

ሕግ የለም አትበሉኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወታችሁን፣ ደብዳቤያችሁን፣ የስልክ ንግግራችሁን ይጠብቃል። ለደህንነትና ወንጀል ለመከላከል ሊገደብ ይችላል፤ ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ነው እንጂ አንድ ኃላፊ ስለፈለገ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። መረጃ ለታወቀ ዓላማ ይሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይቆይ ይላል። ስለ እናንተ ምን እንደተያዘ የመጠየቅ መብትም ይሰጣችኋል። ከመካከላችሁ የጠየቀ አለ?

ይሉኝታ እንደያዛችሁ አውቃለሁ። የጠየቀ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ሊደብቅ ነው?» ይባላል። እንዲህ የሚለው ደግሞ ሹሙ ሳይሆን አጠገባችሁ የተቀመጠው ጎረቤት ነው። አፋችንን የምንዘጋጋው እርስ በርሳችን ነው።

ባለሱቆች፣ እናንተም አላችሁበት። ካሜራችሁ የራሳችሁን ደጅ ትቶ የጎረቤትን በር ያያል። ዝናብ ላይ አዳልጧት የወደቀችውን ሴት ቲክቶክ ላይ ለቃችሁ ትስቃላችሁ። ሌባ ነው ብላችሁ ፌስቡክ ላይ የለጠፋችሁት ልጅ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝስ ማን ይቅርታ ይጠይቀዋል? መንግሥት ልክ ይኑረው ለማለት እናንተም ልክ ይኑራችሁ።

የሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ለካሜራ አዋጡ ከተባላችሁ፣ ቀረጻው በስንት ቀን እንደሚጠፋና ፖሊስ ሲፈልገው በማን ፈቃድ እንደሚወስደው ጠይቁ። ቃል ብቻ እንዳትቀበሉ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይምጣ። እስኪመጣ ብሩ ኪሳችሁ ይቆይ።