ባል ሲዛወር

የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፎልስ ቸርች አጠገብ ነው። ኡበር እነዳለሁ። እኛ ሐበሾች ይህን አካባቢ የምናውቀው በእንጀራ መሸጫዎቹ፣ በክትፎ ቤቶቹና ፓርኪንግ በሚጠፋበት በስካይላይን ሰፈር ነው። እዚያው አፍንጫችን ሥር፣ ዋሽንግተንን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ ተጠግቶ፣ ፌርቪው ፓርክ የሚባል ዛፍ የበዛበት ጸጥ ያለ ግቢ አለ። ሰው እያደረስኩ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ! የምን መሥሪያ ቤት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ባንክ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ስለ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። በ2021፣ በፈረንጆቹ የገና ቀን ወደ ጠፈር የተላከው ማለት ነው (ዓመቱን ሁሉ እዚህ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው)። ማን ሠራው? ዋናው ተቋራጭ ኖርዝሮፕ ግሩማን። ዋና መሥሪያ ቤቱ የት ነው? ፌርቪው ፓርክ። አለቃውስ? ከ2019 መግቢያ ጀምሮ ካቲ ዋርደን የምትባል ሴት። ልጄ ምንም አልመሰላትም። ጽፋ ጨርሳ ካርቱኗን ከፈተች። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ማንበብ ስጀምር ነገሩ የአንድ ሴት ብቻ አለመሆኑን አየሁ። በዚያው በ2019 ሎክሂድ ማርቲንን ማሪሊን ሂውሰን፣ ጀነራል ዳይናሚክስን ፊቢ ኖቫኮቪች፣ የቦይንግን የመከላከያ ክፍል ደግሞ ሊያን ካሬት ይመሩ ነበር። አውሮፕላንና ሚሳይል የሚሠሩት የአሜሪካ ግዙፍ ኩባንያዎች ወንበር ላይ አራት ሴቶች። ሎክሂድ ያለው ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ ነው። ቤልትዌዩ ካልተዘጋ ከእኔ ቤት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ካልተዘጋ ነው ያልኩት።

ከሁሉም የያዘችኝ ሂውሰን ናት። በ1953 ካንሳስ ውስጥ ተወለደች። ገና ዘጠኝ ዓመቷ እያለ አባቷ ሞቱ፤ እናቷ አምስት ልጆች ብቻቸውን አሳደጉ። ራሷ ስትናገር እናቷ የሰባት ዶላር ዕቃ ዝርዝርና አምስት ዶላር ሰጥተው ሱቅ ይልኳታል። መልስም ይጠብቃሉ። ይህንን ሳነብ ሳቄ መጣ። የኔም እናት እንዲሁ ነበሩ፤ ሽንኩርት ላይ ተከራክረህ ካላስቀነስክ ከቤት አትገባም።

አላባማ ዩኒቨርሲቲ ተማረች። ለጥቂት ዓመታት በመንግሥት የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ውስጥ ኢኮኖሚስት ሆና ሠራች። በ1983 ሎክሂድ ገባች፤ ማሪየታ፣ ጆርጂያ በሚገኘው ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር ሆና። ማሪየታ ለእኛ ባዕድ ስም ሊመስል ይችላል። ሲ-130 ሄርኩለስ የሚሠራው ግን እዚያ ነው። እሷ ሥራ በጀመረች በዓመቱ፣ በ1984፣ በዚያ ክፉ ድርቅ፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል እህል ማመላለስ የጀመረው፣ ቆይቶም ተራራችን ላይ የጣለው በእነዚያ አውሮፕላኖች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሴትዮዋ ታሪክ ለፊልም አይሆንም፤ በአንድ ሌሊት የሆነ ነገር የለበትም። ወደ ሃያ የሚጠጉ የኃላፊነት ቦታዎች እየቀያየረች እዚያው ቤት 29 ዓመት ሠራች። የላይኛው ወንበር እንኳን የተዘጋጀው ለሌላ ሰው ነበር። ሰውየው ሊሾም ሳምንታት ሲቀሩት፣ በኅዳር 2012፣ ከበታቹ ሠራተኛ ጋር በነበረው ግንኙነት ምክንያት እንዲለቅ ተደረገ። እሷ በጥር 2013 ተሾመች። በ2015 የሄሊኮፕተር ሠሪውን ሲኮርስኪን በ9 ቢሊዮን ዶላር ገዛች። እስክትለቅ፣ እስከ 2020 አጋማሽ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሠራተኛ አስተዳደረች። ፎርቹን መጽሔት በ2018ም በ2019ም ከኃያላን የንግድ ሴቶች አንደኛ አድርጓታል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ደግሞ በካሜራ ፊት «ማሪሊን ሎክሂድ» ብለው ጠርተዋታል። ሠላሳ ዓመት ከሠሩ ወዲያ የአባት ስምም በኩባንያው ይተካል ማለት ነው።

ላሞግሳት ብቻ አይደለም ስለሷ የምጽፈው። ከዚያ ቤት የሚወጣው የልጆች መጫወቻ አይደለም። በነሐሴ 2018 የመን ውስጥ ሕፃናት የጫነ አውቶቡስ በቦምብ ተመታ፤ 40 ልጆች ሞቱ። ቦምቡ ሎክሂድ የሠራው እንደነበር ሲኤንኤን ያነጋገራቸው የመሣሪያ ባለሙያዎች ተናግረዋል። የመን ማለት የእኛ ልጆች ሳዑዲ ለመግባት የሚያቋርጡት ምድር ነው። ሴት ስለመራችው ቦምቡ አይለሰልስም። ይህን ሳልል ባልፍ ልቤ አይቀበለኝም።

ወደ ትዝብቴ ልመለስ። ስለ ሂውሰን ካነበብኩት ሁሉ የቆየብኝ አንድ ነገር ነው። ለሥራዋ ስትል ስምንት ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛውራለች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ባሏ ጄምስ ሥራውን ትቶ ልጆቹን ይዞ ተከተላት።

አገር ቤት «በትዳር ምክንያት ዝውውር» የሚባል ነገር እናውቃለን። መምህራን ጠንቅቀው ያውቁታል። የጋብቻው ወረቀት ተያይዞ፣ ማመልከቻ ተጽፎ፣ ተለማምጦ የሚገኝ ነው። ፎርሙ ላይ ሚስት ወይም ባል ብሎ አይለይም። ግን እስቲ አስታውሱ፤ ሚስቱን ተከትሎ የተዛወረ ወንድ ስንት ታውቃላችሁ? እኔ አንድም።

አክስቴ ወሎ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። እትዬ ነው የምላት። ደሴ ላይ ርዕሰ መምህርት እንድትሆን ተጠየቀች። በዚያው ሰሞን የባሏ ሥራ ወደ ደቡብ ተቀየረ። አመለከተች፣ ተከተለችው። እዚያም ሰው ሲያውቃት፣ ዩኒት ሊደር ስትሆን፣ እሱ አዲስ አበባ ተመደበ። እንደገና ሻንጣ፣ እንደገና አዲስ ትምህርት ቤት፣ እንደገና ከሥር። በመምህርነት ገብታ በመምህርነት ጡረታ ወጣች። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። አሁንም ስሙን ስታነሳ «ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ነበር» ነው የምትለው። ሁለቱም ግን በሌላ መንገድ መሄድ እንደሚቻል ያሰቡ አይመስለኝም።

እኛ «የመጀመሪያዋ» የሚል ነገር እንወዳለን። በ2010 አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን እዚህ ካፌ ውስጥ ሁሉ ተጨበጨበ። በኅዳር 2015 ከአብራሪ እስከ መስተንግዶ፣ ከቴክኒሻን እስከ ምድር አገልግሎት ሴቶች ብቻ ያስተናገዱት በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ሄደ። ቪዲዮውን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳይቻለሁ፤ ኮርቼ። ግን በማግሥቱ እነዚያ ሴቶች ቤታቸው ሲገቡ ማን እራት ሠርቶ ጠበቃቸው? ይህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አላየሁም። እኔም አልጠየቅኩም።

አፍሪካ ውስጥ አይሆንም የሚል ካለ፣ ሩዋንዳን ይይ። ኢቮን ማኮሎ ከ2018 ጀምሮ ሩዋንድኤርን መራች፤ በ2023 የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ቦርድን በሊቀመንበርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጃፓን ደግሞ ለሴት ሹመት የማትቸኩል አገር ናት። በ1985 በሆስተስነት ሥራ የጀመረችው ሚትሱኮ ቶቶሪ በ2024 የጃፓን አየር መንገድ ፕሬዚዳንት ሆነች። ሆስተስ! እኛ ጋ «ሆስተስ ናት» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ ስለ ቁመቷና ስለምታመጣው ሽቶ ነው።

አሜሪካ ከመጣን ተለውጠናል እንላለን። ዳይፐር ቀይሬያለሁ፤ ሽሮም እሠራለሁ፤ ልጆቼ ምስክር ናቸው፣ ትንሽ ቢያርም። አጎቴ ስልክ ላይ «አንተ ልጅ፣ ሚስት ሆንክ አሉ» ብሎ ስቆብኛል። እኔም እየሳቅኩ ውስጤ ኮራ ብሎ ነበር፤ ዘመናዊ ነኝ ብዬ።

ባለቤቴ ነርስ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሪችመንድ ያለ አንድ ሆስፒታል የክፍል ኃላፊነት ሰጣት። ከዚህ ሁለት ሰዓት ነው። «ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ለምደዋል» አልኳት። እውነት ነው። «ቤተ ክርስቲያናችን እዚህ ነው» አልኳት። ይህም እውነት ነው። «ሥራዬስ?» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና «ኡበር ሪችመንድም አለ» አለች። አልሄድንም። ተጣልተንም አይደለም፤ እንዲሁ ተድበስብሶ ቀረ። አሁንም የሌሊት ፈረቃ ትገባለች።

ባለፈው እሑድ ለእትዬ ደወልኩ። የምናወራው ሲያልቅብን ስለ ሂውሰን ነገርኳት። አውሮፕላኑን፣ ቢሊዮኑን፣ ሹመቱን ሁሉ «ይገርማል» እያለች አለፈችው። ባሏ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ስምንት ጊዜ?»

«ስምንት ጊዜ እትዬ።»

«ልጆቹን ይዞ?»

«አዎ፣ ሥራውን ትቶ።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ «አንተ፣ ያ የሚስትህ የሪችመንዱ ሥራ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልኳት።