ለሚበደል ልጅ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?

መጽሐፍ ማንበብ በአሳዳጊ ቤት የሚሰቃይን ልጅ እንደሚያጽናና የጻፋችሁትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እናቴ ስትሞት፣ በ9 ዓመቴ፣ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ለሚኖሩ ሰዎች በአደራ ተሰጠሁ። ሳምንት ሳይሞላ አደራውን በሉት። በማማሰያ ተመትቻለሁ፤ ጦሜን ያደርኩበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የመጀመሪያ ንባቤ ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ አንድ የመጽሐፍ ቅጠል ነበር። ገጹ የሚያበቃው አንዲት ልጅ በር ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ ነው። ከዱቄቱ በርሜል ጀርባ ደብቄው፣ ሁሉም ሲተኛ እያወጣሁ አነበዋለሁ። ከበሩ ማዶ ያለውን በየሌሊቱ እኔው እፈጥረው ነበር፤ አንድ ቀን ሐይቁ፣ አንድ ቀን እናቴ። በኋላ የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «ውሰጂ፣ ቀን አልቆጥርብሽም» ብለው መጽሐፍ ያውሱኝ ጀመር። እግዚአብሔር ይስጣቸው!

«ያጽናናል» የሚለው ቃል ግን ያንስብኛል። ዱላው የእኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር፤ በደል የሚባል ስም እንዳለው የተረዳሁት ከመጽሐፍ ነው። ስሙን ሳውቅ ለእኚያው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አክስቴን አፈላልገው አስጠሩልኝ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን የሚያሳድግ ሰው ልጁን ቢደበድብ ወይም ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ጎረቤቶቻችን ጩኸቴን ይሰሙ ነበር፤ በሩን ያንኳኳ ግን አንድም ሰው አልነበረም።