ለክቡር «አሁን አዘምን» ቁልፍ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ አንድ ጠቅታ ስለሚያስከትለው ሥራ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። የግል ድረ ገጻችንን በዎርድፕረስ (በድረ ገጽ መሥሪያው ሶፍትዌር) ያቆምን ሰዎች ዳሽቦርዱን፣ ማለትም የማስተዳደሪያ ገጹን በከፈትን ቁጥር፣ ቀይ ክብ ውስጥ ቁጥር ይዘው እንደ አበዳሪ ደጃፋችን ላይ ቆመው እናገኝዎታለን። ዛሬ 3፣ በሳምንቱ 9። እንዳናልፍዎት፣ የደኅንነት ቀዳዳ የተገኘበት ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ሳይዘመን ከቆየ ሰርጎ ገቦች ቀድመውን ይደርሱበታል። እንዳንጫንዎት ደግሞ እናውቅዎታለን።

«ከማዘመንዎ በፊት ዳታቤዝዎንና ፋይሎችዎን ባካፕ ያድርጉ» ብለው፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ ብለው መምከርዎ አንጀት ያርሳል። ባካፑን የሚሠራ ቁልፍ ግን አጠገብዎ የለም። «ኤክስፖርት» የሚለውን አይቶ ደስ ያለው ሰው የሚያገኘው የጽሑፎቹን የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፤ ፎቶው፣ ፕለጊኑና ቅንብሩ እዚያ ውስጥ የሉም። እውነተኛው ባካፕ ዳታቤዙን (ጽሑፉና ቅንብሩ የሚቀመጥበትን) በፒኤችፒማይአድሚን፣ በዳታቤዝ ማስተዳደሪያው ማውረድ፣ «ደብልዩፒ-ኮንቴንት» የሚባለውን ፎልደር እንዳለ መቅዳት፣ «ደብልዩፒ-ኮንፊግ» የተባለውን የቅንብር ፋይልና «ኤችቲአክሰስ»ን መጨመር ነው። የመጨረሻው ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር፣ የፋይል ማኔጀሩን «የተደበቁትን አሳይ» ካላሉት በስተቀር አይታይም። ይህን ሁሉ ለእኛ ትተው እርስዎ አንድ ጠቅታ ብቻ ነዎት።

እሺ፣ ተጫንን። ወዲያው «ሜንቴናንስ» የሚባል ፋይል አስቀምጠው ቤቱን ይዘጉና እንግዳውን «ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይመለሱ» ይሉታል። አንድ ደቂቃ! ፋይሉ በራሱ ዋጋ የሚያጣው 10 ደቂቃ ሲሞላው መሆኑን ለእንግዳው ማን ይንገረው? ርካሽ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ፣ እርስዎ የተጻፉበት ቋንቋ ፒኤችፒ በ30 ሰከንድ ሥራውን ከቆረጠው ወይም ዲስኩ ከሞላ ግማሹ ፋይል አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ያን ፋይል በእጅ መሰረዝ በሩን ይከፍታል እንጂ የተጓደለውን አይሞላም። እንደገና ስንሞክር «ሌላ ዝማኔ በሂደት ላይ ነው» ብለው ይመልሱናል። ማን ነው የሚያዘምነው? ማንም። የቀረው ለ15 ደቂቃ የሚቆየው መቆለፊያዎ ነው። ወይ ቡና ማፍላት፣ ወይ ከዳታቤዙ «ኦፕሽንስ» ሰንጠረዥ «ኮር አፕዴተር ሎክ» የሚለውን መስመር ማጥፋት።

ድረ ገጹ ወድቆ ባዶ ነጭ ገጽ ሲመጣም ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ለፒኤችፒ 7 ተጽፎ ባለቤቱ የተወው ፕለጊን ነው፤ ፒኤችፒ 8 «ክሪኤት ፈንክሽን»ን የመሳሰሉ አሮጌ ትእዛዞችን አውጥቶ ጥሏቸዋል። ከዎርድፕረስ ስሪት 5.2 ጀምሮ እንዲህ ሲሆን የመግቢያ ሊንክ በኢሜይል ይልካሉ፤ እናመሰግናለን። የሚልኩት ግን ወደ አስተዳዳሪው ኢሜይል ነው። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድረ ገጹን ሠርቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ የሄደው ባለሙያ አድራሻ ነው። ስለዚህ በፋይል ማኔጀር ገብተን የ«ፕለጊንስ»ን ፎልደር ስም እንቀይራለን፣ የፕለጊኖችን ገጽ አንዴ ከፍተን ሁሉም መጥፋታቸውን እናረጋግጣለን፣ ስሙን እንመልሳለን፣ ከዚያ አንድ በአንድ እናበራቸዋለን። ገጹን ከፍቶ ማረጋገጡን የዘለለ ሰው ስሙን ሲመልስ ነጩም ገጽ አብሮ ይመለሳል።

ታሪክዎንም አልረሳንም። በ2018 ዲሴምበር 5.0ን ሲያወጡ የለመድነውን መጻፊያ አንስተው በብሎክ (ገጹን በቁራጭ በቁራጭ በሚያሠራ መጻፊያ) ተኩ፤ አሮጌውን የፈለገ ፕለጊን ይጫን አሉ። በ2020 ኦገስት፣ በ5.5፣ አሮጌ የገጽ ኮድ እንዲሠራ የሚያደርገውን «ጄኩዌሪ ማይግሬት»ን ሲያነሱ በየድረ ገጹ ስላይደሩ ቆመ፣ ሜኑው አልከፈት አለ። መፍትሔውም ያው ፕለጊን ሆነ፤ ማለትም ነገ ደግሞ የሚዘመን አንድ ነገር ተጨመረልን። በዚያው ዓመት የወጣውን 5.6 በኒና ሲሞን ስም ሰየሙት። ዘፋኟ ምን አደረገችዎት?

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ለብቻ የምናቀርበው አቤቱታ አለን። ከ2.2፣ ማለትም ከ2007 በፊት የተከፈቱ ብዙ ድረ ገጾች ዳታቤዛቸው «ላቲን1» (ለላቲን ፊደል የተሠራ ኮድ) ተብሎ ተመዝግቦ ውስጡ በዩቲኤፍ-8 (የእኛንም ፊደል በሚይዘው ኮድ) የተጻፈ ፊደል ነው። ማንም ካልነካው በሰላም ይኖራል። በዝማኔው ሰበብ ሰርቨር ሲቀየር ወይም ኮንፊጉ በአዲስ ሲጻፍ ግንኙነቱ «ዩቲኤፍ8» ይባላል፤ ያኔ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ ሦስት የላቲን ቁራጭ ሆኖ ይፈርሳል። የመጀመሪያው ቁራጭ ሁልጊዜ ጭረት የተጫነባት «ኤ» ናት። «ሀ» ራሷ መጨረሻዋ የዩሮ ምልክት ይሆናል፤ ከፊደላችን የውጭ ምንዛሪ ያወጣ ከእርስዎ በቀር አላየንም። ይህ ዓይነቱ ይድናል፣ ባይቶቹ አልጠፉምና፦ የሰንጠረዡን ዓምድ መጀመሪያ ወደ «ብሎብ» (ጥሬ ባይት)፣ ከዚያ ወደ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» (ሙሉው ዩቲኤፍ-8) መለወጥ ነው፣ በቅጂ ላይ ተሞክሮ። በቀጥታ ከላቲን1 የለወጠ ሰው ግን ብልሽቱን ራሱን በዩቲኤፍ-8 ያጸድቀዋል። የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ተቀምጦ ከሆነ ግን ፊደሉ የለም፤ ያለው ባካፑ ብቻ ነው፣ እሱም ከብልሽቱ በፊት የወጣ ከሆነ።

የአማርኛውን ፎንት የገጽታው «ሄደር» ፋይል ውስጥ የጻፈ ሰውም ገጽታው ሲዘምን በአንድ ጠቅታ ይሰናበተዋል። ቻይልድ ቴም (ለውጡን ለብቻው የሚይዝ ልጅ ገጽታ) ይሥራ።

ደግ ሥራዎንም ላለመካድ፣ ከ6.3 ወዲህ የፕለጊን ዝማኔ መሐል ላይ ሲከሽፍ የቀድሞውን ይመልሳሉ፤ ከ6.6 ወዲህም በራሱ የዘመነ ፕለጊን ድረ ገጹን ከጣለው ወደ ነበረበት ያደርሳሉ። ዎርድፕረስ ከተጀመረ ከ2003 አንስቶ ሲቆጠር፣ አልቸኮሉም።

ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ከጎንዎ «መልስ» የሚል ቁልፍ ይቀመጥልን። ሆስቲንጉ የፒኤችፒውን ስሪት ከ8 ወደ 7.4 በምርጫ ሲመልስ እያየን፣ ዳታቤዙን አሳድገው ወደኋላ መንገድ የማይተውት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ከሰላምታ ጋር
የግል ድረ ገጽ ባለቤቶች

ግልባጭ፦
— ለሆስቲንግ ድጋፍ ክፍል («ካሽዎን አጽድተው እንደገና ይሞክሩ» ከሚለው ውጭ መልስ ካላቸው)
— «ከመጨረሻዎቹ 3 ዋና ስሪቶች ጋር አልተሞከረም» ለሚባለው ፕለጊን፣ ባሉበት