እርማት፦ በስፔኗ ከተማ በቫሌንሲያ ያለው ቱሪያ ወንዝ አልደረቀም

በድልድዮቹ ሥር ሣርና ዛፍ ብቻ የሚያይ ጎብኚ ብዙ ጊዜ «ወንዙ ደርቆ መናፈሻ ሆነ» ይላል። እርስዎም በጉዞ ማስታወሻዎ እንዲሁ ብለዋል፤ ስህተት ነው።

ወንዙን ያዞረው ሰው ነው። በጥቅምት 1957 እ.ኤ.አ. ቱሪያ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከከተማዋ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አዲስ መውረጃ ተቆፈረለት፤ ወደ ባሕር የሚገባው አሁን በዚያ በኩል ነው። ባዶ የቀረውን አሮጌ መውረጃ ባለሥልጣናቱ የፈጣን መኪና መንገድ ሊያደርጉት አቅደው ነበር። ነዋሪው «አረንጓዴ ይሁንልን» ብሎ ታግሎ ዕቅዱን አስቀረው፤ መውረጃውም መናፈሻ ሆነ፤ ይህ ሳይነገር መታለፉ በእውነት ያሳዝናል። አዲሱ መውረጃም ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያንሰው ወንዙ ከላይ ለመስኖ ስለሚጠለፍ ነው።

«መናፈሻውን ተከትሎ ባሕር ይደረሳል» ያሉትም አያስኬድም። ሴራኖስ ከሚባለው ከአሮጌው የከተማ በር ግንብ ወደ ምሥራቅ በእግር አንድ ሰዓት ገደማ ቢጓዙ «የጥበባትና የሳይንስ ከተማ» ከሚባሉት የሙዚየምና የትርኢት ሕንፃዎች ይደርሳሉ፤ መናፈሻው ግን ወደቡ አካባቢ ሳይደርስ ያልቃል። ለመዋኘት ከሆነ ከግንቡ አጠገብ ድልድዩን ተሻግረው፣ ፖንት ዴ ፉስታ ከሚባለው ጣቢያ ወደ ማልቫሮሳ የባሕር ዳርቻ የሚሄደውን 4 ቁጥር ትራም ይያዙ።