የሃሚዳ ባርማኪን ደም ይቅር የሚለው ማነው?

ዓርብ ለካቡል ሰው እንደኛ እሁድ ነው። ቢሮ ዝግ፣ ትምህርት ቤት ዝግ፣ ልጆች ከጠዋት ጀምረው ዛሬ የት ነው የምንሄደው እያሉ የሚጨቀጭቁበት ቀን። የአፍጋን የሕግ አስተማሪዋ ሃሚዳ ባርማኪም ጃንዋሪ 28 ቀን 2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ዓርብ ቀን ከሐኪም ባሏና ከአራት ልጆቿ ጋር ዋዚር አክባር ካን ሰፈር ያለ ፋይነስት የሚባል ሱፐርማርኬት ገባች። አንድ ሰውዬ ተኩስ ከፈተ፣ ከዛ ታጥቆት የመጣውን ቦምብ አፈነዳ። እናት፣ አባት፣ አራቱም ልጆች፣ ስድስቱም እዛው ቀሩ። ተመልሶ የቤታቸውን በር የሚከፍት ሰው ከነሱ ውስጥ አልተረፈም።

ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ ሱፐርማርኬት ስገባ ትዝ ትለኛለች። ልጄ ጋሪው ውስጥ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ያንን ብስኩት ካልገዛሽልኝ ስትለኝ፣ እኔ ዘይቱን አንስቼ ዋጋውን ሳይ፣ በቃ እንደዚህ ዓይነት ሰዓት ላይ ነው እኮ የሞቱት እላለሁ።

ሃሚዳ በ1970 ካቡል ነው የተወለደችው። ሕግ ያጠናችው ካቡል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኋላም እዛው ፋኩልቲ ውስጥ አስተማሪ ሆነች፣ ጣሊያን አገር ቦሎኛ ሄዳ ማስተርሷን ሠርታ ተመለሰች። ተመለሰች የሚለውን ቃል አስምሩልኝ፣ ምክንያቱም መቅረት የሚችል ሰው ሁሉ ከሚቀርበት ዘመን ነው የተመለሰችው። ጀርመን አገር ያለው የማክስ ፕላንክ የሕግ ጥናት ተቋም ካቡል ውስጥ ለአፍጋን ዳኞችና አቃቤ ሕጎች ስልጠና ሲሰጥ የአገር ውስጥ ተወካዩ እሷ ነበረች። በተጨማሪም የአፍጋኒስታን ነጻ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ኮሚሽነር ነበረች፣ የያዘችው ዘርፍ ደሞ የልጆች መብት ነው። የልጆች መብት ስትል የነበረች ሴት ከነልጆቿ መገደሏን ሳስበው ምን እንደምል አላውቅም።

ታሊባን እኛ ነን አለ። ሂዝቢ ኢስላሚ የሚባለው የጉልቡዲን ሄክማትያር ቡድንም የለም እኛ ነን አለ። ሁለት ቡድን በአንድ ሬሳ ላይ ሲሻማ ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ልጅ ሆኜ ወሎ አያቴ ጋ ክረምት ሳሳልፍ አንድ ዕርቅ አይቻለሁ። ሰው የገደለ ሰው ነው፣ ነጠላውን አገልድሞ ባዶ እግሩን ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሟች እናት ፊት ቆመ። ሽማግሌዎቹ በየተራ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ማርያም ይላሉ። እናትየዋ ዝም። ሰውየው እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አንዱ ሽማግሌ አዝኖለት ድንጋዩን ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ ሴትየዋ በቀስታ "ገና ነው፣ አታውርዱለት" አለች። ማንም አልተናገራትም። ሽማግሌው እጁን መለሰ። መጨረሻ ላይ ይቅር ብላዋለች፣ ግን ይቅርታው የሷ ስለነበር ሰዓቱም የሷ ነበር።

ይሄ የኛ ብቻ ወግ እንዳይመስላችሁ። አፍጋኒስታን የምትመራበት የእስልምና ሕግም ሰው ከተገደለ ቂሳስ፣ ማለትም ገዳዩ በዛው ልክ እንዲቀጣ የመጠየቅ፣ ካሳ የመቀበል ወይም ይቅር የማለት መብቱ የሟች ወራሾች ነው ይላል። ሐቁል አብድ ይሉታል፣ የሰው ሐቅ ማለት ነው፣ መንግስት ተነስቶ በነሱ ፈንታ ይቅር ብያለሁ የሚለው ነገር አይደለም። የአፍጋን ፓርላማ በ2007 የጦርነቱን ሰዎች ሁሉ ከክስ ነጻ የሚያወጣ የምህረት ሕግ ሲያወጣ እንኳን ይቺን የሰው ሐቅ የምትለውን ነገር ሕጉ ውስጥ ለማስገባት ተገዷል። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ምክንያቱም ፓርላማ ውስጥ ከተቀመጡትና ሕጉን ካጸደቁት ውስጥ የድሮ የጦር አዛዦች ብዙ ነበሩ፣ ክስ መስርቶ ሊቆምባቸው የሚደፍር ማን ነው?

ከዛ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሃሚዳ በኋላ የገባችበት ያው ኮሚሽን በመላ አገሪቱ ከ4 ሺህ በላይ ሰው ጠይቆ ነበር። 69 ፐርሰንቱ ወይ እኔ ወይ የቅርብ ቤተሰቤ ተበድሏል ነው ያለው። ከ10 ሰው 7 ማለት እኮ ነው። ይሄ ሕዝብ ነው እንግዲህ በ2007 "ተረስቷል" የተባለው።

ወደ ሄክማትያር ልመለስ። ይሄ ሰውዬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካቡልን በሮኬት የደበደበ ሰው ነው፣ ያውም በወረቀት ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎም ጭምር፣ የገዛ ዋና ከተማውን። በሴፕቴምበር 2016 ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ ከሱ ጋር የሰላም ስምምነት ፈረመ። ላለፈው ድርጊት የማይከሰስበት ከለላ፣ እስረኞቹ እንዲፈቱለት፣ ከተባበሩት መንግስታት ማዕቀብ ዝርዝር ስሙ እንዲፋቅ። በ2017 ፌብሩዋሪ ላይ ስሙ ተፋቀ፣ ሜይ 4 ቀን ካቡል ገባና ቤተ መንግስት በክብር አቀባበል ተደረገለት፣ በ2019 ደሞ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ስምምነቱን የፈረሙት ጋኒና ሄክማትያር ናቸው። የሱፐርማርኬቱ ሟቾች እናት፣ እህት፣ ወንድም ፊርማ የለበትም።

እና የሰላም ነገር ነው፣ ምን ይደረግ የሚለኝ ሰው አለ። ከልቡ ነው የሚለው፣ እኔም እረዳዋለሁ። ለ40 ዓመት ጦርነት ያየ ሕዝብ አንድ ጠመንጃ ዝም ቢል ደስ ይለዋል፣ ነገ የሚሞተውን ልጅ ለማዳን ትናንት ስለሞተው ዝም እንበል የሚል ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ግን የሆነውን እንይ። ሄክማትያር ከገባ 4 ሳምንት እንኳን ሳይሞላ፣ ሜይ 31፣ እዛው ዋዚር አክባር ካን አጠገብ ጀርመን ኤምባሲ ጋ በጭነት መኪና የተጫነ ቦምብ ፈንድቶ ከ150 በላይ ሰው አለቀ። እሱ ያደረገው ነው እያልኩ አይደለም፣ የሚባልም ነገር የለም። እያልኩ ያለሁት ሰላም ይመጣል ተብሎ የሰው ሐቅ ተሸጠ፣ የተገዛው ሰላም ግን አልደረሰም።

አፍጋኒስታን ውስጥ ባድ የሚባል ልማድ አለ። ሰው የተገደለ እንደሆነ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና ደም እንዳይቀጥል ከገዳዩ ቤት አንዲት ልጅ ለሟች ቤተሰብ ትሰጣለች። ወንዶቹ ይታረቃሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ልጅቷ ትሄዳለች፣ በተሰጠችበት ቤት ዕድሜ ልኳን የገዳይ ዘር ናት። ማንም አልጠየቃትም። በ2009 የወጣው በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚከለክለው ሕግ ባድን ወንጀል አድርጎት ነበር፣ ሃሚዳም ኮሚሽነር የነበረችው በዛ ሰሞን ነው። እኔ የ2016ቱን ስምምነት ሳነብ የመጣብኝ ይሄ ባድ ነው። ኳታር ዶሃ ላይ የተፈረመው የ2020ው ስምምነትም እንደዛው፣ አሜሪካና ታሊባን ፌብሩዋሪ 29 ቀን ተፈራረሙ፣ የአፍጋን መንግስት ራሱ እንኳን ፈራሚ አልነበረም፣ እሱ ያሰራቸው እስከ 5 ሺህ እስረኞች ግን ይፈታሉ ተባለ። ወንዶች ተቀምጠው ተስማሙ፣ የተከፈለችው ግን ሌላዋ ናት።

በኦገስት 2021 ታሊባን ካቡልን ከያዘ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አላስረዝመውም። የሴት ዳኞች ወይ ተደብቀዋል ወይ ተሰደዋል፣ ራሳቸው የፈረዱባቸው ሰዎች ከእስር ተፈተው እየፈለጓቸው። በሜይ 2022 የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ አያስፈልግም ተብሎ ፈረሰ። በዛው ዓመት ዲሴምበር ሴቶች ዩኒቨርሲቲ እንዳይገቡ ተከለከሉ፣ ሃሚዳ ቆማ ያስተማረችበት ክፍል ዛሬ አንዲት ሴት ተማሪ የላትም። በ2025 ደሞ ሰብዓዊ መብት ራሱ ከሚከለከሉት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቶች ውስጥ ገባ፣ ሴቶች የጻፏቸው መጽሐፎችም ከየዩኒቨርሲቲው እንዲወጡ ተደረገ። ያኔ በ2011 እኛ ነን ብለው ከተሻሙት ሁለቱ፣ አንደኛው መንግስት ሆኗል፣ ሌላኛው ሄክማትያር ደሞ ታሊባን ሲገባም ከካቡል አልወጣም።

ጁላይ 3 ቀን 2025 ሩሲያ ለታሊባን መንግስት እውቅና ሰጠች፣ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆና። ከ5 ቀን በኋላ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ በሚደርሰው ማሳደድ ሁለት ሰዎች እንዲያዙ ማዘዣ አወጣ። አንዱ የታሊባን መሪ ሃይባቱላህ አኩንዛዳ ነው፣ ሁለተኛው አብዱል ሃኪም ሃቃኒ የአገሪቱ ዋና ዳኛ። ዋና ዳኛው! ሃሚዳ ዳኛ ስታሰለጥንበት የነበረ አገር እኮ ነው።

ማዘዣው ነገ ያሳስራቸዋል ብዬ አላምንም። ግን ድንጋዩ ትከሻቸው ላይ ነው፣ ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የሚያስፈራኝ ደክሞናል፣ ቢዝነስ አለን፣ የስደተኛ ጉዳይ አለብን እያሉ ድንጋዩን ሊያወርዱላቸው እጃቸውን የሚዘረጉ አገሮች መብዛታቸው ነው። በ2024 ጁን መጨረሻ የተባበሩት መንግስታት ዶሃ ላይ ታሊባንን ሲያነጋግር ጠረጴዛው ላይ አንዲት አፍጋን ሴት አልነበረችም፣ ታሊባን እንዲመጣ ተብሎ። ቀጣዩ ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚሞላው ወንበር የሟቾች እናቶችና እህቶች ይሁን፣ ምንም ሳይናገሩ ቁጭ ቢሉም እንኳን፣ ገና ነው አታውርዱለት የሚለው ሰው እዛ ክፍል ውስጥ ይኑር።