ሳይቸግር የፑሪም ብድር

የዘንድሮው ፑሪም፣ አይሁድ በአስቴር ዘመን ከሃማን ሴራ የዳኑበት በዓል፣ በሰላም አለፈ ብዬ ተንፈስ ልል ስል፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናት። እኛ ጠዋት እማዬ የጋገረችውን ዳቦ ከትንሽ ቆሎ ጋር ልከንላታል። በፑሪም ምግብ የመላላክ ሕጉም ከዚህ በላይ አይጠይቅም፤ ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት የሚበላ ነገር፣ አለቀ። እሷ ይዛ የመጣችው ግን በሴሎፎን የተጠቀለለ፣ ሪባን የታሰረበት፣ በበሩ በጎን ካልሆነ የማይገባ ቅርጫት ነው።

"ኧረ ለምን ተቸገርሽ?" አልን። "ምንም አይደል" አለች። ሄደች።

ባለቤቴ ሴሎፎኑን ቀደደችና ቆጠራ ጀመረች። ወይን፣ ዋፈር፣ ኦዝኔ ሃማን የሚሉት የፑሪም ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ እንደገና ዋፈር። ከሥሩ ግማሽ ቅርጫት የሚሆን የተቆራረጠ ወረቀት ወጣ። ቢሆንም ከኛ ይበልጣል። እኔ የምቀምሰውን ስፈልግ እሷ ፍርዱን ሰጠች፦ "ለከርሞ እንዲህ አናፍርም።"

እማዬ እንዲህ ሲሆን "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ትላለች። እኔም ይህን ተረት ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። ጎንደር ሳሉ ጤፍ በቁና ተሰፍሮ ይበደሩ ነበር፤ ሲመልሱ ደግሞ "ጎደለ" እንዳይባል ጫን አድርገው ነው። ያኛው ተበዳሪ ግን ቢያንስ እንጀራ ጋግሮ በልቷል። እኔ ዋፈር አበድሩኝ ያልኩት ማንን ነው?

እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን፤ አባቶቻችን አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ፣ የሚያውቁት ጾመ አስቴርን ነው። ቅርጫቱን እዚህ እስራኤል መጥተን ነው የተዋወቅነው። መጥፎ ልማድ ነው አልልም፤ ሰው ከሰው ጋር እንዲቀራረብ የተደረገ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን ሌላም ትእዛዝ አለ፤ ለሁለት ድሆች መስጠት። የሕግ ሊቁ ራምባም ደግሞ ሳይሸፋፍን ጽፎታል፤ ለግብዣና ለወዳጅ ከሚጨመር ለድሃ ቢጨመር ይሻላል፤ ድሃውን፣ የሙት ልጁን፣ ባል የሞተባትንና መጻተኛውን ከማስደሰት የሚበልጥ ደስታ የለም ብሎ። እና እኛ የምንጨምረው ለማን ነው? ለሚመልስ ሰው! ለድሃው በስልክ፣ ቢት በሚባለው የገንዘብ መላኪያ፣ 20 ሸቀል ልከን ተገላገልን እንላለን፤ ቅርጫት ለሞላው ጎረቤት ሌላ ቅርጫት እንገዛለን።

ከኦሪት ሕግ ሁሉ አንጀቴን የሚያርሰው የግማሽ ሰቅሉ ነው። ዘጸአት 30ን ማየት ነው፦ ባለጠጋው አይጨምር፣ ድሃውም አያጉድል። ማንም ማንንም የማይበልጥበት መዋጮ! ለዚያ መታሰቢያ ተብሎ ከፑሪም በፊት በየምኩራቡ ገንዘብ ይሰበሰባል። ታዲያ ሳህኑ ሲዞር ሰው ሁሉ ከፊቱ ያለው ስንት እንደጣለ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ጨረታውንማ ተዉት። በኛ ምኩራብ በትልልቅ በዓላት የኦሪት ጥቅሎቹ ያሉበትን ሳጥን ለመክፈት ጨረታ ይወጣል። በበዓል ገንዘብ ስለማይነካ የሚከፈለው በቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ኪስ አያጎድልም። አንድ ዓመት ለአባቴ መታሰቢያ እንዲሆን እኔ ልክፈት ብዬ ዋጋ ጠራሁ። አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ በጠራሁ ቁጥር እየጨመረ እየጨመረ ከአቅሜ በላይ አደረሰውና ነጠላውን አስተካክሎ ሄዶ ከፈተ። ተጨበጨበለት። ገንዘቡን እስከ ዛሬ አላመጣም። የምኩራቡ አስተዳዳሪ፣ ገባዩ፣ ራሱ ነው የነገረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ "አሜን" ሲል ስሰማ ጸሎቱ ይጠፋብኛል።

ሊቃውንቱ እኮ ለሰጪም ልክ አበጅተዋል። ጥንት ኡሻ በምትባል ከተማ የተሰበሰቡት፣ ሰው ከሀብቱ ከአምስት አንድ በላይ አይስጥ፣ ኋላ ራሱ የሰው እጅ እንዳያይ ብለው ደንግገዋል። ይህን ለባለቤቴ ብነግራት "ያንተ ደሞዝ ለአምስት ሲካፈል ምን ይተርፋል?" አለችኝ።

ግን የሚከነክነኝ ቅርጫቱ ራሱ አይደለም። እኛ ምንም ብንሰጥ ከላይ አንድ ተጨምሮ መመለሱ ነው። እንደመጣን አሮጌ ልብስ በጆንያ አመጡልን፤ ተቀበልን፣ አመሰገንን። ያ ያኔ ነው። አሁን እዚሁ የተወለደች ልጄ ለፋሲካ ከትምህርት ቤት የችግረኛ ካርቶን ተሸክማ ስትመጣ ግን ማን ቸግሯቸዋል አለ? ቀለማችን ነው ያመለከተው? ከዚያው ካርቶን ማትዛውን፣ ያልቦካውን የፋሲካ ቂጣ፣ አውጥተን ለሌላ ሰው ሰጠን። በሕጉ ከምጽዋት የሚኖር ድሃ እንኳ ምጽዋት የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ማንም ተቀባይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

እኛስ መቼ ሳንሰጥ ቀርተን! በጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ ያወጣውን የማያስታውስ አለ? ልጆቻችን ክንዳቸውን ዘርግተው የለገሱት ደም ሳይነገራቸው፣ በበሽታ ፍርሃት፣ በድብቅ ሲደፋ ኖሯል። ሰጪው ጭማቂና ብስኩት ተሰጥቶት "ቶዳ"፣ እናመሰግናለን፣ ተብሎ ይሸኛል፤ ደሙ መጣያ ይገባል። ብስኩቱን እንኳ እኛ በልተነዋል! በሺህ የሚቆጠር ሕዝባችን ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት የወጣው የሚቀበለን አጣን ብሎ እንጂ ስጡን ብሎ አልነበረም። ዛሬም ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ዋፈሩ። ፋሲካ ወር ብቻ ነው የቀረው፤ እርሾና ዱቄት ያለበት ነገር ሁሉ እስከዚያ ከቤት መውጣት አለበት። ልጆቹ ሰልችቷቸዋል፣ መሥሪያ ቤት ብወስደው እዚያም ጠረጴዛው ላይ የየሰዉ ዋፈር ተቆልሏል።

አሁን ደግሞ በዋትሳፕ የሠርግ ጥሪ ገባ፤ የባለቤቴ አክስት ልጅ፣ አሽዶድ። በሠርጋችን ማን ስንት እንደሰጠን የተጻፈበት ደብተር ከመሳቢያ ወጣ። የኛ ሠርግ ጊዜ 400 ሸቀል ሰጥተውናል።

"ኑሮ ተወድዷል፣ 700 እናድርገው" አለች።

"የሰጡንን 400 ብንመልስስ? ባለጠጋው አይጨምር..."

"ግማሽ ሰቅልህን ለምኩራብህ!"

700 ሆነ።