ስልኩ ከሲኒው ጋር ዞረ

ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ችግራቸውን የሚነግሩት ሰው ያጡት እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ነው። ይህን ከሰው ሰምቼ አላወራም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቶና ሲቀዳ የቤቱ ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ከእናቷ ጎን ቆመች። ብዙ ካመነታች በኋላ ነው የሰጠቻት። ዴስክ ላይ አፏን ከፍታ ባንቀላፋችበት የክፍል ጓደኞቿ ፎቶ አንስተዋታል። ስቲከር አድርገውት፣ «ሬሳዋ» ብለው ጽፈውበት በቴሌግራም ይቀባበሉታል። ጠዋት ስትነሳ እሱ ነው፤ ማታ ስትተኛ እሱ ነው። «ነገ ትመጫለሽ ወይስ እንቅበርሽ?» የሚልም ነበረበት። ሁለት ወር ሙሉ ብቻዋን ችላዋለች።

እናቷ አየችና ሳቀች። «እዩልኝ ይህችን እንቅልፋም!» ብላ ለጎረቤቷ አቀበለች። ስልኩ ከሲኒው ጋር ዞረ። አንዷ «ምን ብትነኪያቸው ነው? እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» አለች። እኔ ዘንድ ሲደርስ እኔም ሳቅኩ። እናቷ «ይሄን ጉድ!» ብላ ሁሉንም አንድ በአንድ አጠፋችው፤ ስልኩንም ቀማቻት። በረካ ሲቀዳ ልጅቷ እዚያ አልነበረችም። መቼ እንደወጣች ያየ የለም።

ከወር በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አልጋ ላይ ቀረች። እናት ያኔ ደንግጣ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሮጠች። «ማስረጃ?» ተባለች። ማስረጃውን በገዛ እጇ አጥፍታዋለች።

በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሰውን ማስፈራራትና መልእክት እየደጋገሙ ማስጨነቅ በእስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። እነዚያን ሕፃናት እስር ቤት ይግቡ አልልም። ነገር ግን ሕግ ወንጀል ብሎ የጻፈውን እኛ በፈንዲሻ ሳቅንበት!

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ነው ያደግነው፤ እያልን ነው የምናሳድገው። እናንተ ሰዎች፣ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሲመጣ ሲኒውን አስቀምጡ። እስኪጨርስ ስሙት። ስልኩን አትቀሙት፤ ተበዳዩን መቅጣት ነው፣ ሁለተኛም አይነግራችሁም። መልእክቱን አታጥፉ፤ ቀኑና የላኪው ስም እንዲታይ አድርጋችሁ ምስሉን አስቀምጡ፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ድረስ አብራችሁት ሂዱ። ልጅቷ እኮ ማድረግ የሚገባትን አድርጋ ነበር። ለምታምናቸው ትልልቅ ሰዎች ተናገረች። ትልልቆቹ ሰዎች እኛ ነበርን።

እናቷን አልወቅስም። እሷ ልጇን ስታይ የእንቅልፍ ፊቷ ታይቷት ይሆናል። እኔ ግን ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። «ሬሳዋ» የሚለውን አንብቤ ነው የሳቅኩት።

ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱን ጊዜ «ደህና ነኝ፣ እትዬ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ባለፈው እሑድ ግን ደጃፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ዝም አለችና፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ባሳይዎ አይስቁብኝም?» አለችኝ።

«አልስቅም» አልኳት።

እስካሁን አላሳየችኝም። ሲመሽ እየሄድኩ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ።